የመጨረሻውን መርፌ ከተወጋሁ 5 ወር ሆነኝ፣ የወር አበባዬ አልተመለሰም

የኮዬዋ እናት፦
እህቶቼ ሰላም ናችሁ? ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። 29 ዓመቴ ነው፣ የ4 ዓመት ልጅ አለችኝ። እሷ 6 ወር ሲሞላት የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ጀመርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀጠሮ አላሳለፍኩም። ካርዱ እንዳይጠፋብኝ ፍሪጁ ላይ ባለው ካላንደር ቀኑን በእስክሪብቶ አከብበው ነበር።

የመጨረሻውን የተወጋሁት የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። ግንቦት ላይ ከባለቤቴ ጋር ሁለተኛ ልጅ እንውለድ ተባባልንና ቀረሁ። ይኸው ሐምሌ ገባ። የወር አበባዬ ግን የለም። ነገሩ የቆየ ነው፣ መርፌውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው የጠፋው። ያኔ እንደ እፎይታ ነበር። ውሃ ሲጠፋ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን ተሸክሜ ለምወጣው ለእኔ ትልቅ እረፍት ነበር።

አማቴ "ደሙ ሆድሽ ውስጥ ተጠራቅሟል፣ መርፌው ማህፀንሽን አድርቆታል" ይሉኛል። ክፋት የላቸውም፣ ፈርተውልኝ ነው። እኔም ምጣድ ፊት ቆሜ እንጀራ እየጋገርኩ ሆዴን እዳስሳለሁ። ትናንት የመልሴን ቀሚስ ለካሁት። ዚፑ ወገቤ ጋ ሲደርስ ቆመ። የተጠራቀመው ደም ይሆን ብዬ አለቀስኩ። ተመርምሬያለሁ፣ እርግዝና የለም። ባለሙያ ካለ በማርያም መልሱልኝ።

ሲስተር ከቱሉ ዲምቱ፦
የኔ እህት፣ መጀመሪያ እንባሽን ጥረጊ። የምሠራው የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ነው፣ ይህን ጥያቄ ስንት ሴት ጠይቃኛለች።

የተጠራቀመ ደም የለም። የወር አበባ ማለት ማህፀን ለጽንስ ብሎ ያዘጋጀው የውስጥ ሽፋን፣ ጽንሱ ሳይመጣ ሲቀር ተልጦ ሲወርድ ነው። መርፌው ውስጥ ያለው ሆርሞን እንቁላል እንዳትወጣ ይከለክላል፣ ሽፋኑም ስስ ሆኖ ይቀራል። ያልተነጠፈ አልጋ ምኑ ይነሳል? አንድ ዓመት ከተወጉት ግማሽ ያህሉ የወር አበባቸው ይቆማል። ማህፀንም አይደርቅም።

መዘግየቱ እውነት ነው፣ አልዋሽሽም። መድኃኒቱ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ነው የሚለቀቀው። ሦስት ወር ሲያልፍ መከላከሉን አናምነውም እንጂ ከሰውነት ሙልጭ ብሎ ወጥቷል ማለት አይደለም። ከመጨረሻው መርፌ እስከ እርግዝና በአማካይ ወደ 10 ወር ይወስዳል። ከሚያረግዙት ውስጥ 68 ከመቶው በ12 ወር፣ 93 ከመቶው በ18 ወር ውስጥ ያረግዛሉ። ሦስት ዓመት መወጋትሽ ይህን አያረዝመውም። ከየካቲት ቁጠሪ፤ 10 ወሩ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ገና ነሽ።

ያልጠየቅሽውንም ልንገርሽ። መርፌው ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንትን ያሳሳል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2004 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስለጥፎበታል። ሲቆም አብዛኛው ይመለሳል። ይህንንም፣ መዘግየቱንም ገና ስትጀምሪ መስማት ነበረብሽ። ሰልፉ በር ድረስ ሲሆን እኛ ባለሙያዎች ወግተን እንሸኛለን። በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ጀምሪ፣ በቀን 400 ማይክሮግራም። የሕፃኑን ኅብለ ሰረሰር ከጉዳት ይጠብቃል፣ እሱ ደግሞ የሚሠራው ማርገዝሽን ሳታውቂ ነው። የወር አበባሽ ሳይመለስም ልታረግዢ ትችያለሽ፣ ስለዚህ በየወሩ ተመርመሪ። ሆድሽን ካመመሽ ወይም ከጡትሽ ወተት ከወጣ ግን ሳትቆዪ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ዳግም ከለገጣፎ፦
የሕዝብ ጤና ተማሪ ነኝ። ስለ ቀሚሱ ልጨምር። ኤኮ የሚባል ጥናት አለ፣ ውጤቱ በ2019 ወጣ። ከኬንያ፣ ከዛምቢያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከኢስዋቲኒ ከ7,800 በላይ ሴቶች በዕጣ ለሦስት ተመድበው አንዱ ቡድን መርፌውን፣ ሌላው በክንድ የሚቀበረውን፣ ሦስተኛው ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሆርሞን የሌለውን ሉፕ ወሰዱ። ዋናው ጥያቄ መርፌው ለኤችአይቪ ያጋልጣል ወይ የሚል ነበር፤ በሦስቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ክብደትም ተለካ። የመርፌዎቹ በአማካይ 3.5 ኪሎ ጨመሩ፣ የክንዶቹ 2.4፣ የሉፖቹ 1.5። ሉፑ ሆርሞን ሳይኖረው እንኳ 1.5 አለ። ስለዚህ መርፌው ጨምሮብሽ ይሆናል፣ ግን የቀሚሱን ነገር በሙሉ እሱ ላይ አትጣይው። ከመልስሽ ወዲህ እኮ ወልደሻል።

የሰበታዋ፦
እኔ 11 ወር ጠብቄያለሁ። ባሌ ሊያገባብኝ ነው እያሉ ጎረቤት ሲያወሩ እሰማ ነበር። አንድ ጠዋት ልብስ ሳጥብ ሳንቲም የምታህል ቡኒ ጠብታ ፓንቴ ላይ አየሁ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ በደስታ። ልጄ አሁን ይሄዳል። ከሱ በኋላ በክንዴ አስቀበርኩ፣ የክብሪት እንጨት የምታክለዋን የሦስት ዓመቷን። እሷም ጣጣ አላት፣ ደም ባልታሰበ ቀን ጠብ ጠብ ይልብኛል። ግን ስትወጣ ማርገዝ ቶሎ ይመለሳል ስላሉኝ መረጥኳት።

የኮዬዋ እናት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሲስተርን መልስ ለአማቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። "ታዲያ ደሙ የት ሄደ?" አሉኝ። "መጀመሪያውኑ አልተሠራም እማዬ" አልኳቸው። ቡናውን እስኪጨርሱ ዝም አሉ። ከዚያ ካላንደሩን አስወረዱኝና ኅዳርን ፈልገው በጣታቸው ያዙልኝ። እኔ አከበብኩት። ሲስተር፣ ፎሊክ አሲዱን ነገ ጠዋት እገዛለሁ።