ክርክር፦ ልጆች ሀሁን ጨርሰው ይጀምሩ ወይስ ከቃል?

የሽምብጥ እናት (ባሕር ዳር)፦ በወላጆች ስብሰባ ለሁለት ተከፈልን። ግማሹ "መጀመሪያ ሀሁ ሙሉውን በቃል ይያዝ" አለ። ግማሹ "ጥቂት ፊደል ካወቁ ወዲያው ቃል ያንብቡ" አለ። እኔ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ልጄ ከሀ እስከ ፐ ሳያቋርጥ ይወርደዋል። እሑድ ጣና ዳር ታንኳ ሲያይ እርጥቡ መሬት ላይ በስንጥር "ታ" ጻፍኩለት። ዝም አለ። ከዚያ በጣቱ እየቆጠረ "ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ!" ብሎ ደረሰበት። ይሄ ማንበብ ነው?

የዘጌ ልጅ፦ እኛ በቄስ ትምህርት ቤት በስንደዶ እየጠቆምን ነው የተማርነው። ሀሁ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። 231 ፊደል ሳይያዝ ምን ይነበባል? ሀሁን አትንኩብን።

መምህርት (አንደኛ ክፍል)፦ ወንድሜ፣ አቡጊዳን ዘለልከው እኮ! ከሀሁ ቀጥሎ "አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ" አላሉህም? ተራው የተዘበራረቀው ለምን ይመስልሃል? ልጅ በዜማ ብቻ እንደሚወርደው የኔታ ስለሚያውቁ ነው። የሽምብጧ እናት ያየችው ይህንኑ ነው።

በፈረንጆቹ 2010 የተማሪዎች የንባብ ችሎታ ሲለካ፣ የእኛን የአማራ ክልልን ጨምሮ በተለካባቸው ክልሎች ሁለተኛ ክፍል ደርሰው አንድ ቃል ማንበብ ያቃታቸው ብዙ ነበሩ። ሀሁ ሳይማሩ ቀርተው አይመስለኝም።

የሽምብጥ እናት፦ ታዲያ ሥዕል እያዩ ቃሉን በግምት ይያዙት?

መምህርት፦ በፍጹም! ያማ ሌላ ሽምደዳ ነው። ፊደሉና ድምፁ በግልጽ ይማር። እኔ ከለ፣ ከመ እና ከበ ቤት እጀምራለሁ። በሳምንቱ "ላም"፣ "በላ"፣ "ሎሚ" ያነባሉ። ግን ፊደል ብቻም አይበቃም። "ገና" ብለህ ጻፍ። "ገና አልመጣም" ነው ወይስ የገና በዓል? ጽሑፋችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። ልጁ የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ሲገባው ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ትርጉም ያለው ነገር ያንብብ።

የሽምብጥ እናት፦ ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ይቻላል?

መምህርት፦ ይከብዳል። በኅብረት ሀሁ ማስባል ይቀላል፤ እኔም ሲደክመኝ አደርገዋለሁ። ግን ከኋላ ወንበር አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅሰው ልጅ የሚታየኝ፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ፊደል ለብቻው ስጠቁም ነው።

የዘጌ ልጅ፦ አቡጊዳውስ እውነት ነው፣ መምህርት። ረስቼው ነበር። ሀሁ ይቅደም የምለውን ግን አልተውም። ስንደዶዬ አንዷን ፊደል ስታልፍ የኔታ ከ"ሀ" ያስጀምሩኝ ነበር፤ ዛሬም ሳነብ ዓይኔ መስመር አይስትም።