እንጀራው ከምን ተጋገረ? የባሕር ዳር ምግብ ቤቶች በሰሌዳ ይጻፉ ወይስ ይቅር?

የክርክሩ አስተባባሪ፦
ለዛሬ የቀረበው ሐሳብ «በባሕር ዳር ያሉ የሰፈር ምግብ ቤቶች የሚያቀርቡት እንጀራ ከየትኛው እህል እንደተጋገረ ከዋጋ ዝርዝራቸው ጎን እንዲጽፉ ይገደዱ» የሚል ነው። ቀበሌ 14ም ሆነ ሽምብጥ ወይም ፔዳ አካባቢ ገብቶ በያይነቱ፣ ሽሮ ወይም የአሳ ጉላሽ ያዘዘ ሰው እንጀራው ጤፍ ብቻ ይሁን ሩዝና በቆሎ የገባበት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ደጋፊም ተቃዋሚም ምክንያቱን በዝርዝር ያስቀምጥ። የቤት ስም እየጠሩ መክሰስ ክልክል ነው።

ተመጋቢ ከሕዳር 11 ሰፈር፦
እደግፋለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ነጋዴውንም ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያስገድደዋል። የዋጋው ሰሌዳ ተሰቅሏል። እዚያው ላይ አንድ መስመር መጨመር ምኑ ያስቸግራል?

የምግብ ቤት ባለቤት፣ ሽምብጥ፦
መጻፉ አያስቸግርም። ችግሩ ባለቤቱ ራሱ አለማወቁ ነው። አብዛኛው የሰፈር ምግብ ቤት እንጀራ አይጋግርም፤ ጠዋት ከጋጋሪ ይረከባል። ምክንያቱም ቀላል ሒሳብ ነው። በቀን 150 እንጀራ የሚጨርስ ቤት በአንድ ምጣድ ልጋግር ቢል፣ አንዱ ከማሰሻው እስከ ማውጫው 3 ደቂቃ ተኩል ቢወስድ እንኳ፣ 9 ሰዓት ገደማ ምጣድ ላይ መቆም ይጠይቃል። መብራት የሄደ ቀን ደግሞ ቡሆው ይኮመጥጣል፣ ደንበኛም ይመለሳል። ስለዚህ እንጀራው ተገዝቶ ይመጣል፤ ሲመጣ «የጤፍ ነው» ይባላል፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቅም የሚመልስም የለም። ይጻፍ ሲባል ምግብ ቤቱ ሰው የነገረውን ይጽፋል፤ ውሸት ሆኖ ሲገኝ ግን የሚቀጣው እሱ ነው።

ለምግብ ቤቶች የምታቀርብ ጋጋሪ፦
ወንድማለም፣ ጥያቄውን ወደ እኛ ካዞርከው አልሸሽም። መጀመሪያ ግን «ቅይጥ» የሚለው ቃል እንደ ነውር መቆጠሩ ይቅር። በሜጫም በዳንግላም ጤፍና ዳጉሳ አብሮ ተፈጭቶ ሲጋገር ኖሯል። የዳጉሳ እንጀራ መልኩ ወደ ቀይ ያደላል፣ ከበድ ይላል፣ ያጠግባል፤ መልኩ ራሱ ስለሚናገር የበላ ሰው ተታለልኩ አይልም። ክርክራችን መልኩ የማይናገረው ላይ ይሁን። እሱም ሩዝ ነው። ሩዝ ሲገባበት ሰርገኛው ማኛ መስሎ ይወጣል።

አሠራሩን ላስቀምጥ። ለ10 ኪሎ ዱቄት 16 ሊትር ያህል ውሃና አንድ ሊትር ተኩል ያህል እርሾ ይገባል። በባሕር ዳር ሙቀት ሁለት ሌሊት ይበቃዋል፤ በደጋው ሦስት ይፈልጋል። ከላይ የተንሳፈፈው ቢጫ ውሃ ይጠለልና አንድ ሊትር ያህል ቡሆ ተቀንሶ በ3 ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ እየተማሰለ አብሲት ይሆናል። አብሲቱ ለብ ሲል ተመልሶ ይገባና ቡሆው ኩፍ እስኪል አንድ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። የጤፍ እንጀራ እንዲህ ከተያዘ ሦስት ቀን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።

ከሩብ በላይ ሩዝ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ሩዝ ጠጣር እህል ስለሆነ ወፍጮው ሁለት ጊዜ ካላሳለፈው ሸካራ ይሆንና ከቡሆው ሥር ይዘቅጣል። በየአምስት በየስድስት እንጀራው ካልተማሰለ መጀመሪያ የሚወጡት ስስ፣ መጨረሻ ላይ የሚወጡት እንደ ቂጣ ደረቅ ይሆናሉ። አብሲቱም በዛ ማለት አለበት፤ አለዚያ አይያያዝም። ጠዋት ከምጣድ ሲወጣ ያምራል፤ ነጭ ነው፣ ዓይኑም ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ ሲጠቀለል እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። በማግስቱ ጠርዙ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል።

እህሉ ይጻፍ ለሚለው እስማማለሁ። በመቶ ስንት ይጻፍ ከተባለ ግን አይሆንም። አዲስ የተወቃ ጤፍ ውሃ አያነሣም፣ የከረመ ያነሣል፤ ጋጋሪም መጠኑን በየሳምንቱ ታስተካክላለች። ቁጥር ከተለጠፈ በሳምንቱ ውሸት ይሆናል።

እህል ነጋዴ፦
ከቢቸና፣ ከደጀንና ከሞጣ የሚመጣውን ጤፍ በእህልነቱ ላየው ሰው መደባለቁ አይሸሸግም። ሩዝ የጤፍን ፍሬ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ በመዳፍ ዘርግቶ ማየት ይበቃል። የሚጠፋው ወፍጮ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ዱቄት የሚገዛ ጋጋሪ ራሱም ምን እንደገዛ አያውቅም። ስለዚህ ይጻፍ የምትሉ ሰዎች ቁጥጥሩን ከወፍጮ ቤት ጀምሩት። ሩዙ ከፎገራ ነው የሚመጣው፤ ከወረታ ባሕር ዳር ቅርብ ስለሆነ በዚህ ከተማ መግባቱ አያስገርምም። እህሉም ነውር የለበትም።

ተመጋቢ ከሕዳር 11፦
ነውር አለበት ያለ የለም። የጤፍ ዋጋ ተከፍሎበት ሳይነገር መቅረቡ ነው ጥያቄው። በዚያ ላይ ቤት ውስጥ በቀላሉ መለየት ይቻላል። ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ ሲደረግ አረፋ ካወጣ ባዕድ ነገር አለበት ይባላል።

የምግብ ሳይንስ መምህር፣ ፔዳ፦
የሎሚው ነገር መታረም አለበት። ሎሚ አረፋ የሚያወጣው የኖራ ድንጋይ ወይም ጠመኔ ዓይነት ካርቦኔት ሲያገኝ ነው። ሰው የሚፈራው ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ስለሆነ በሎሚ አያረፋም። አረፋ ስላልወጣ ንጹሕ ነው ብሎ መደምደም አደገኛ ነው። ጀሶን የሚያጋልጠው የአመድ ምርመራ ነው። ዱቄቱ ላብራቶሪ ውስጥ እስኪያልቅ ይቃጠላል። ንጹሕ ጤፍ የሚተወው አመድ ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ያህል ነው፤ ጀሶ ወይም አፈር ካለበት በጣም ይጨምራል። ይህ ደግሞ ከዛሬው ርዕስ የተለየ ወንጀል ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚመለከተው ስለሆነ ጀሶን ከሩዝ ጋር አንደባልቀው።

እህልን ከእህል ስለመለየት ደግሞ አንድ ከባድ ነገር አለ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የስንዴ ስታርች (የዱቄቱን አብዛኛውን ክፍል የሚይዘው ነገር) ትልልቅ ቅንጣት አለው፤ የበቆሎውም ከጤፉ ይተልቃል። ሁለቱ ይለያሉ። የጤፍና የሩዝ ስታርች ቅንጣቶች ግን ሁለቱም ጥቃቅን ናቸው፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ሺሕኛ ሲለኩ ከ2 እስከ 8 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። እንጀራ ሆኖ ከተጋገረ በኋላማ የስታርቹ ቅንጣቶች ቅርጻቸው ስለሚፈርስ በማይክሮስኮፕ ጭራሽ አይለዩም። በሰሌዳ የተጻፈውን ተቆጣጣሪ ከሳህን ላይ እንጀራ ቆርሶ አያረጋግጥም። ነጋዴው ትክክል ነው፤ ቁጥጥሩ እህሉ እህል ሆኖ ሳለ መሆን አለበት።

እህታችን ስለ መሰነጠቁ የጻፈችው ልክ ነው። የሩዝ ስታርች ሲቀዘቅዝ ቶሎ ተመልሶ ይደድራል፤ የጤፉ ቀስ ይላል። ሲሞቅ የሚለሰልሰውም ለዚህ ነው፤ ከቀዘቀዘ ግን ተመልሶ ይደርቃል።

አስተናጋጅ፦
ደንበኛ «ጤፍ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። አስተናጋጁ አያውቅም፣ ግን «አላውቅም» ማለት አይፈቀድለትም። ይጻፍ።

የምግብ ቤት ባለቤት፣ ሽምብጥ፦
አንድ ምግብ ቤት እውነቱን «ጤፍና ሩዝ» ብሎ ይጽፋል፤ ጎረቤቱ «ጤፍ» ብሎ ይዋሻል፤ መምህሩም ከሳህን ላይ ማረጋገጥ እንደማይቻል ነግረውናል። ደንበኛው ወዴት ይሄዳል? ግዴታው እውነተኛውን ይቀጣል፣ ውሸታሙን ይጠቅማል። ሩዙም ለስስት ብቻ አይደለም የሚገባው። ብዙ ቤት ጭማሪ እንጀራ በነፃ ነው የሚሰጠው፤ ያ ከየት ይመጣል?

የሒሳብ ባለሙያ፦
በቁጥር እንየው። 1 ኪሎ ዱቄት ውስጥ 900 ግራም ያህል ደረቅ ነገር አለ። እንጀራ ከግማሹ በላይ፣ 62 እጅ ገደማው፣ ውሃ ነው። በእርሾ የሚጠለለው ሲቀነስ ከ1 ኪሎ ዱቄት 2 ኪሎ ከ200 ግራም አካባቢ እንጀራ ይወጣል። አንዱ 350 ግራም ቢሆን 6 እንጀራ ማለት ነው። በአንድ በያይነቱ ላይ አንድ ተኩል ቢቀርብ 250 ግራም ዱቄት ነው። ከመቶ 30 እጁ ሩዝ ቢሆን በአንድ ሳህን 75 ግራም ጤፍ በ75 ግራም ሩዝ ተተካ ማለት ነው። ምግብ ቤቱ የሚቆጥበው የእነዚህን 75 ግራሞች የዋጋ ልዩነት ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ከፍሎ ሙሉ ጤፍ የሚበላ ደንበኛ አለ፤ ምርጫው ይቅረብለት። በሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ይጻፍ፦ «በጤፍ እንጀራ» ይህን ያህል፣ «በጤፍና ሩዝ» ይህን ያህል።

የምግብ ቤት ባለቤት፣ ሽምብጥ፦
በሳህን ትንሽ ይመስላል። በቀን 100 ሳህን ለሚሸጥ ቤት 7 ኪሎ ተኩል ጤፍ ነው፤ በወር ከሁለት ኩንታል ይበልጣል። ሁለት ዓይነት እንጀራ መያዝም ቀላል አይደለም። ሲመሽ የተረፈውን ማን ይቆጥራል? በጥድፊያ ሰዓት ወጥ ቤት ውስጥ አንዱ ከሌላው ይደባለቃል። ዓይነቱ በስም ይጻፍ የሚለውን ግን እያሰብኩበት ነው።

ተመጋቢ ከቀበሌ 14፦
ሽሮውስ? በርበሬውስ? ዘይቱስ? ሁሉም ይጻፍ እንዳይባል እፈራለሁ።

ተመጋቢ ከሕዳር 11፦
እሱ ለብቻው ይቅረብ። በየሳህኑ ከሥር የሚነጠፈው እንጀራ ነው፤ ከእሱ እንጀምር።

የምግብ ሳይንስ መምህር፣ ፔዳ፦
የጤና ምክንያት ገና አልተነሣም። ጤፍ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ዳጉሳ ግሉተን (ሊጥን የሚያለጥጠው ፕሮቲን) የላቸውም። ስንዴና ገብስ አላቸው። እንጀራ እንዲለጠጥ ተብሎ ጥቂት የፉርኖ ዱቄት የሚጨመርበት ቤት አለ። ግሉተን አንጀቱን ለሚጎዳው ሰው ያ «ጥቂት» ብዙ ነው፤ ጤፍ ነው ተብሎ በልቶ ይታመማል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ በድርድር ቢሆን እንኳ ስንዴና ገብስ የገባበት እንጀራ ሳይጻፍ መቅረብ የለበትም። የስኳር ሕመም ያለበትም የተፈተገ ሩዝ ስኳርን ቶሎ ከፍ እንደሚያደርግ አውቆ ይምረጥ። ጤፍ ስለሆነ ግን እንደ ልብ ይበላል ማለት አይደለም፤ መጠኑ ለሁለቱም ነው። ዳጉሳን በዝምታ ማለፍም ይከብደኛል፤ በ100 ግራም 340 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለው፣ ከጤፍም ይበልጣል። በሰሌዳ ላይ «ጤፍና ዳጉሳ» ተብሎ ቢጻፍ ለምግብ ቤቱ ኩራት ነው።

ለምግብ ቤቶች የምታቀርብ ጋጋሪ፦
በዚህ ከሆነ መንገዱ ይህ ይሁን። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ምግብ ቤቱ የገመተው ሳይሆን ከእንጀራው ጋር የመጣው ወረቀት ይሁን። በየጥቅሉ አንድ ወረቀት ይግባ፤ የእህሎቹ ስም ብዛት ካለው ጀምሮ ይጻፍ፦ «ጤፍ፣ ሩዝ።» ቁጥር የለም። ሩዙ ከጤፉ ከበለጠ «ሩዝ፣ ጤፍ» ይሆናል፤ ማንም አንብቦ ይረዳዋል።

የተጋገረበት ሌሊትም ይጻፍ። እንጀራ ከምጣድ ወጥቶ ሰፌድ ላይ 2 ወይም 3 ደቂቃ ሳይነፍስ ተደራርቦ በላስቲክ ከታሰረ ያልበዋል፣ ሥሩ ይረጥባል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ያወጣል። ደንበኛ «ሩዝ አለበት» እያለ የሚመልሰው እንጀራ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእህል ሳይሆን የአያያዝ ወይም የማደር ነው። ቀኑ ካልተጻፈ ያለ ጥፋቱ ሩዝ ይከሰሳል።

የምግብ ቤት ባለቤት፣ ሽምብጥ፦
እታለም፣ ወረቀቱ ካንቺ ከመጣ እሰቅለዋለሁ። ቅጣቱም ወረቀቱን የጻፈው ላይ ይሁን።

ተመጋቢ ከሕዳር 11፦
በዚህ አልስማማም። ተመጋቢው ገንዘቡን የሚከፍለው ለምግብ ቤቱ ነው፤ ጋጋሪዋን አያውቃትም። ለተመጋቢው ምግብ ቤቱ ይጠየቅ፤ ወረቀቱን ይዞ ጋጋሪዋን ይጠይቅ፤ ጋጋሪዋም ዱቄት ገዝታ ከሆነ ወፍጮ ቤቱን ትጠይቅ። ወረቀት ያላስቀረ በራሱ ይጠየቃል።

እህል ነጋዴ፦
ወፍጮ ቤቱ ድረስ ካመጣችሁት ደረሰኝ ላይ የእህሉ ዓይነት ይጻፍ በሉ። አሁን የሚጻፈው «ዱቄት» ብቻ ነው።

የክርክሩ አስተባባሪ፦
የጋጋሪዋ ሐሳብ በእህል ስም ቅደም ተከተል፣ ያለ ቁጥር፣ ከተጋገረበት ሌሊት ጋር ተመዝግቧል። ስንዴና ገብስ የግድ ይጻፍ በሚለው ላይ ተቃውሞ አልቀረበም። ያልተዘጋው ቅጣቱ በማን ላይ ይሁን የሚለው ነው። በዚያ ላይ የምትጽፉ የወፍጮ ቤቱን ደረሰኝ ጨምራችሁ ጻፉ።