ቤርገን፣ ኖርዌይ፦ አሮጌ የእንጨት ቤት ልንከራይ ነው፣ መያዣውን ከአሁኑ እንላክ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁም። ባለቤቴ ቤርገን ዩኒቨርሲቲ ማስተርሷን ልትማር ስለሆነ በነሐሴ ልጃችንን ይዘን እንሄዳለን። ኖርድነስ ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው በእግር የሚደረስ አሮጌ የእንጨት ቤት አገኘን። የሚከራየው ምድር ቤቱ ነው። በወር 13,000 ክሮነር፣ መብራት ለብቻ። ፎቶው ልብ ይሰርቃል። አከራዩ ግን «ፈላጊ ብዙ ነው፤ የሦስት ወር መያዣ 39,000 ክሮነር በሒሳቤ አስገቡ፣ ቁልፉን ስትመጡ እሰጣችኋለሁ» ይላል። እንላክለት?

የሳንድቪከኗ
ወንድሜ፣ በፍጹም እንዳትልክ! ሦስት ወር መጠየቁ ችግር የለውም፤ ሕጉ እስከ ስድስት ወር ኪራይ ይፈቅድለታል። ችግሩ የሚገባበት ሒሳብ ነው። እዚህ መያዣ ባንክ ውስጥ በተከራዩ ስም በሚከፈት ዝግ ሒሳብ ይቀመጣል። ዴፖዚቱምስኮንቶ ይባላል። ውሉ እስካለ ድረስ እሱም ብቻውን አያወጣውም፣ አንተም ብቻህን አታወጣውም። ወለዱ ያንተ ነው። ሒሳቡን የማስከፈቻ ወጪ ደግሞ የአከራዩ ነው። ቀድሞ የሚከፈል ኪራይም ቢሆን ከአንድ ወር በላይ ሊጠይቅህ አይችልም።

አዲስ የመጣ ሰው መታወቂያ ቁጥር እስኪያገኝና ባንክ እስኪከፍት ጊዜ ይወስዳል። አጭበርባሪዎች የሚገቡት በዚህች ክፍተት ነው። ቤቱን በአካል አይቶ የሚመሰክርላችሁ ሰው ሳይኖር አንድ ክሮነር እንዳይወጣ።

ላንዶስ ያለሁት
እሷ ያለችው እንዳለ ሆኖ፣ እኔ የምፈራላችሁ እርጥበቱን ነው። ቤርገን በዓመት ከ200 ቀን በላይ ይዘንባል። መጠኑም ከአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ እጥፍ ገደማ ነው። አሮጌ ምድር ቤት ይህን ሁሉ ውሃ ከመሬቱ ይስባል። ልጅ ይዛችሁ ሻጋታ ቤት ውስጥ እንዳትገቡ።

ቤቱን የሚያይላችሁ ሰው በችኮላ ዞሮ እንዳይወጣ። የውጭውን ግድግዳ የተጠጋ ቁም ሣጥን ካለ ከኋላው ይይ። የመስኮቶቹን የታችኛ ጥግ ይንካ። በሩ እንደተከፈተ የሚመጣውን ሽታ ልብ ይበል፤ መስኮት ተከፍቶ ከጠበቀው ዘግቶ ትንሽ ይቆይ። አዲስ ቀለም ታች ታች ብቻ ተቀብቶ ከሆነ ለምን እንደሆነ ይጠይቅ።

ከዚያ ማሞቂያው። እዚህ ቤት የሚሞቀው በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ነው። የእንጨት ቤት ደግሞ ሙቀት ያፈሳል። «መብራት ስንት ይመጣል?» አትበሉት፣ ዋጋው ይዋዥቃል። ያለፈውን ዓመት ፍጆታ በኪሎዋት ሰዓት ይንገራችሁ። ቫርመፑምፐ፣ ማለት የሙቀት ፓምፕ፣ ካለ ትልቅ ነገር ነው።

እንጀራ ከጋገራችሁ ደግሞ ፊውዙን ጠይቁ። ከአገር ቤት የሚመጣ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። አሮጌ ቤት ብዙ ጊዜ 10 አምፔር ፊውዝ ነው ያለው፣ እሱ የሚሸከመው 2,300 ዋት ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያና ሁለተኛ መውጫ መኖሩንም አረጋግጡ። በ1916 የመሃል ከተማውን ሰፊ ክፍል እሳት የበላበት አገር ነው፤ የእንጨት ቤቶቹም ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተው ነው የተሠሩት።

የቀድሞ ተማሪ
መጀመሪያ ባለቤትህ ሳመን ለሚባለው የተማሪዎች ድርጅት ታመልክት። የቤተሰብ ቤትም አለው። ነሐሴ ተማሪ ሁሉ የሚገባበት ወር ስለሆነ ዛሬውኑ። መሃል ከተማ ካልሆነ ብላችሁም አትጨነቁ። ቢባነን፣ የከተማው ባቡር፣ ከመሃል ከተማ ወጣ ያሉት ሰፈሮች ፋንቶፍትም ፊሊንግስዳለንም ይደርሳል። ብሪገንን፣ ማለት ወደቡ ዳር ያሉትን የጥንት የእንጨት ቤቶች፣ እና ዓሣ ገበያውን በእረፍት ቀን ሄዳችሁ ታዩታላችሁ።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብሩን አልልክም። አንድ ዘመድ ቅዳሜ ሄዶ ሊያይልን ነው። ሌላ ጥያቄ፦ አከራዩ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ የአንድ ዓመት ውል ነው ያለን። ይሄስ ልክ ነው?

የሳንድቪከኗ
ልክ ነው። በጊዜ የተገደበ ውል በመደበኛው ከሦስት ዓመት አያንስም። ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት ምድር ቤት ወይም ጣሪያ ስር ከሆነ ግን አንድ ዓመት ይበቃል። እናንተ ግን በዓመቱ መሃል መውጣት ትችሉ እንደሆነ በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር፤ አለበለዚያ ሳመን ቤት ቢሰጣችሁ በውሉ ተይዛችሁ ትቀሩ ይሆናል። ስትገቡ እያንዳንዱን ክፍል፣ በተለይ ግድግዳውን፣ ፎቶ አንሡና የዚያኑ ዕለት በኢሜይል ላኩለት። ካልተስማማችሁ ሁስላየትቪስትኡትቫልገት የሚባል የኪራይ ክርክር የሚያይ የመንግሥት አካል አለ፤ ከፍርድ ቤት ይረክሳል። ዘመድህ ካየ በኋላ ፎቶውን እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።