ወንድማችንን ገጭቶ ያመለጠው ተይዟል፤ እናታችንን ግን ማጽናናት አቃተን

ጥያቄ፦
ወንድማችንን መንገድ ሲያቋርጥ የገጨው አሽከርካሪ ሳይቆም አመለጠ። በኋላ ተይዞ ክስ ተመሥርቶበታል። ወንድማችን ከሞተ ስምንት ወር ሆነው። እናታችን የፍሬን ድምፅ በሰማች ቁጥር ከአልጋዋ ተነሥታ በር ትከፍታለች፤ የችሎት ቀጠሮ ሲቃረብ እህል አትቀምስም። አባታችን ስሙ እንዲነሣበት አይፈልግም። የወንድማችን የሰባት ዓመት ልጅ አባቱ የት እንደሄደ ይጠይቃል፤ ሚስቱ እውነቱን ለመንገር አንደበቷ ተሳስሯል። እናታችንን «አማካሪ ዘንድ እንውሰድሽ» ስንላት «እኔ አላበድኩም» ትለናለች። የምክር አገልግሎት በእርግጥ ይጠቅማታል? ከየት እንጀምር?

መልስ፣ ከሥነ ልቦና አማካሪ፦
ፈጣሪ ያጽናችሁ። ሐዘን በሽታ አይደለም፤ ሐዘን የደረሰበት ሁሉ አማካሪ አያሻውም። የእናትዎን ሁኔታ ግን ባለሙያ ቢያየው እመርጣለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች መለያ ውስጥ የተራዘመ ሐዘን የሚባል አለ፤ ከ6 ወር ያላነሰ የቆየ፣ የዕለት ኑሮን ያናጋ ብርቱ ናፍቆትና ሥቃይ ነው። በፍሬን ድምፅ መባነን ደግሞ ከድንጋጤው የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም የራሱ ሕክምና አለው። ስለዚህ አማካሪውን «በድንገተኛ ሞት ሐዘንና በከባድ ድንጋጤ ሕክምና ሠልጥነዋል?» ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁ። ነውር የለውም። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ካልተናገሩ ብሎ የሚያስጨንቅ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ለእናትዎ ስለ አእምሮ አታንሡባቸው። «እንቅልፍ አጥተሻልና ሰው እናማክር» በሏቸው፤ እንቅልፍ ማጣታቸውን እርሳቸውም አይክዱም። «ልጄን ልከተለው» ዓይነት ቃል ከአፋቸው ከወጣ ግን ራሳቸውን ለማጥፋት አስበው እንደሆነ በግልጽ ጠይቋቸው። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣባቸውም። አዎ ካሉ ብቻቸውን ሳትተዉ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

መልስ፣ ልጇን ካጣች እናት፦
እህቴ፣ የእኔንም ልጅ የነጠቀኝ ጠጥቶ የሚነዳ ሰው ነው። እኔን ዳግም የገደለኝ ችሎቱ ነበር። የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲነበብ፣ የትኛው አጥንት እንደተሰበረ የሰማሁት እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ዐቃቤ ሕጉን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ምን ይነበባል? የትኛው ፎቶግራፍ ይታያል? እናትሽ በዚያ ሰዓት ውጭ ትቆይ። የአማካሪዋን ቀጠሮ ከችሎቱ በፊትና በማግሥቱ አድርጉላት። ፍርድ ሲሰጥ ሰው ሁሉ «አሁን እፎይ በሉ» ይላችኋል፤ ብዙዎቻችን የወደቅነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ምክሩን እንዳታቋርጡ። ተመሳሳይ ሐዘን የደረሰባቸውን ፈልጊላት። በትራፊክ አደጋ የሞቱትን የምናስብበት ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 በብሪታንያ በተጎጂ ቤተሰቦች ተጀምሮ፣ በ2005 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተቀብሎታል፤ በየዓመቱ በአውሮፓውያን የኖቬምበር ወር ሦስተኛው እሑድ ነው። የልጅሽን ስም ጮክ ብሎ መጥራት የሚቻልበት ቀን መኖሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

መልስ፣ ከጠበቃ፦
ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ጋር የሚነጋገር አንድ የቤተሰብ አባል መድቡ፤ እናትዎ በየስልኩ መደንገጥ የለባቸውም። የምክር አገልግሎቱን ደረሰኝ አስቀምጡ፤ የካሳ ጥያቄ ስታቀርቡ ሊያስፈልግ ይችላል። አማካሪው የሚጽፈው ማስታወሻ በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችል እንደሆነም በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁት።

መልስ፣ ከመምህርት፦
ለልጁ «ሞቷል» በሉት። «ተኝቷል» የተባለ ልጅ መተኛት ሊፈራ ይችላል፤ «ሩቅ ሄዷል» የተባለ ደግሞ ይጠብቃል። «ሰውነቱ በጣም ተጎድቶ መሥራት አቆመ፤ አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም» ማለት ይበቃል። ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ደጋግማችሁ ያንኑ መልሱለት። እናቱ ትንገረው፣ እርስዎ አጠገቧ ይቀመጡ። ለመምህሩም ንገሩት።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባታችንስ?

መልስ፣ ከሥነ ልቦና አማካሪው፦
አትጫኗቸው። ዝም ማለት አለማዘን አይደለም። አማካሪ ዘንድ እናትዎን እንዲያደርሱ ለምኗቸው፤ ካልፈለጉ አይግቡ።