ጨጓራ ካሳነሱ በኋላ ጥርስ ማስነቀል

ጥያቄ፦ ስሊቭ የተባለው የጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ከተደረገ 3 ሳምንት ሆነው። መንጋጋ ታመመ፤ አሁን ማስነቀል ይቻላል?

መልስ፦ ድዱ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ አይቆዩ፤ ተራ የጥርስ እጥበት ግን ቆይቶ ይደርሳል። የቀዶ ሕክምናውን ቀን ለጥርስ ሐኪሙ ይንገሩ። የደም ማቅጠኛ መርፌ ላይ ከሆኑ ደግሞ ሳይነቀል በፊት ይወቀው፤ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል። አደራ፣ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች አይውሰዱ! ጨጓራን ያቆስላሉ፤ በመርፌ ቢሰጡም ያው ነው። ፓራሲታሞል ሽሮፕ ይጠይቁ።

ሌላ መልስ፦ ወንበሩ ሙሉ በሙሉ አይዘርጋ፤ አሲድ ወደ ላይ ይመለሳል።

ተጨማሪ፦ ካስመለስዎ ወዲያው አይቦርሹ፤ አሲድ ያለሰለሰውን የጥርስ ሽፋን ብሩሹ ይፍቀዋል። 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በ1 ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይጉመጥመጡና ይትፉ፤ ብሩሹ ከ1 ሰዓት በኋላ።