አስቸኳይ! አሊስተር ጥሎኝ ሄደ፣ እንዴት ልመልሰው?

ናቲ ገርጂ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ ሰፈር መብራት ይመጣል ይሄዳል፣ የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ 40 ደቂቃ ቢቆይ ነው፣ ስለዚህ ቶሎ በሉልኝ። ጌሙ ላይ ከሃዲውን የጦር አዛዥ ሎጌንን አሸነፍኩት፣ ሰውዬው ተንበረከከ። ከምገድለው ይጠቅመናል ብዬ ተቀበልኩት። አብሮኝ የሚዘምተው አሊስተር ተናዶ ውልቅ አለ! ካምፕ ሄጄ ፈለግኩት፣ የለም። የእኔ ጥያቄ፦ አፕሩቫሉ (ለእኔ ያለው ፍቅር በነጥብ) 100 ነበር እኮ! ስጦታ የሰጠሁት፣ ወሬውን ሁሉ ያዳመጥኩት፣ ደህና ደህናውን ጥሩር ያለበስኩት እኔ ነኝ። ታንኬ፣ ፊት ቆሞ ምቱን የሚቀበልልኝ፣ እሱ ነው። ይሄ የጌሙ ብልሽት ነው አይደል? እንዴት ነው የምመልሰው?

ኮረኮንች
የቱ ጌም?

ድምጥማጥ
ሎጌን ከተባለ ድራጎን ኤጅ ኦሪጅንስ ነዋ። በ2009 የወጣው የባዮዌር ጌም። ደካማ ላፕቶፕ ላይ የሚሄድ ጥሩ ጌም ሲፈለግ ሁሌ እዚያው እንደርሳለን። ናቲ፣ እንኳን ወደ ሐዘንተኞች ማኅበር በሰላም መጣህ። እዚህ ሁላችንም አንድ አንድ ጊዜ አሊስተርን ቀብረናል።

ሁለተኛ ሰፈር
ላፕቶፑን አጥፍተህ አብራው።

ሊያ ሲልቨር ስፕሪንግ
ብልሽት አይደለም ናቲ። እንዲያውም ጌሙ በትክክል እየሠራ ነው። እስቲ ነገሩን በእሱ ዓይን እየው። አሊስተር የንጉሥ ሜሪክ ዲቃላ ነው፣ ሬድክሊፍ በሰው ቤት አደገ፣ ቴምፕላር (የሃይማኖት ወታደር) ይሁን ተብሎ ለሃይማኖት ሰዎች ተሰጠ። ከዚያ ያወጣው፣ ሰው ነህ ያለው፣ የግሬይ ዋርደኖቹ (ጭራቆቹን የሚዋጋው ማኅበር) አለቃ ዳንከን ነው። ዳንከን ኦስታጋር ጦርነት ላይ የሞተው ደግሞ ሎጌን ምልክቱ ከግንቡ ላይ ሲነድ እያየ ጦሩን ይዞ ስለዞረ ነው። አንተ ታዲያ ሰውዬውን ምሬዋለሁ ብቻ ብትል ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ግሬይ ዋርደን አደረግከው! አሊስተር በሕይወቱ የእኔ ነው የሚለው አንድ ነገር ቢኖር ያ ስም ነበር፤ እሱን አንስተህ ዳንከንን ላስበላው ሰው ሰጠኸው። አንተን ከዳህ እንዴ? አንተ ነህ የከዳኸው።

ናቲ ገርጂ (ጠያቂ)
እኔ ማንንም አልከዳሁም! ሌላው ዋርደን ሪዮርዳን ራሱ ነው ሐሳቡን ያመጣው። አርችዲመኑን (የጭራቆቹን አለቃ ዘንዶ) ዋርደን ብቻ ነው የሚገድለው፣ በአገሩ ያለነው ደግሞ ሦስት ነን፣ አንድ ሰው ቢጨመር ምን አለበት አለ። ሒሳብ ነው የሠራሁት። ታንኬን መልሱልኝ እንጂ ፍርድ አልጠየቅኩም 😭

ድምጥማጥ
እዚያ ጌም ውስጥ አፕሩቫሉ ሁሌ 100 ሆኖ የሚቆይ አንድ ብቻ ነው፣ ውሻው። ሌላው ሁሉ የሚሰበርበት ቦታ አለው። የቅድስት አንድራስቴን አመድ አርክስና ዊን አጠገብህ ትቁም፣ አያትህ ብትመስልም በዱላዋ ነው የምትመጣብህ። ዜቭራንን ችላ በለው፣ ዋና ከተማው ዴኔሪም ላይ የድሮ ጓደኛው ሲመጣ የማን ወገን እንደሆነ ታያለህ። 100 ማለት ይወድሃል ማለት ነው፣ የምትለውን ሁሉ ያደርጋል ማለት አይደለም። ለማንኛውም፣ ዶክዩመንትስ ውስጥ ባዮዌር የሚል ፎልደር አለ፣ በሱ ውስጥ ድራጎን ኤጅ፣ ካራክተርስ፣ የገጸ ባሕሪህ ስም፣ ከዚያ ሴቭስ። በቀን ደርድረህ እየው፣ ጌሙ ራሱ ያስቀመጠው ሴቭ ሊኖር ይችላል። ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት ፎልደሩን በሙሉ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርግ። መብራት መሃል ላይ ከሄደብህ ሁለተኛ ለቅሶ ነው።

ጋሽ መኩሪያ
ልጆች፣ ጌሙን ከልጄ ጋር ስለተጫወትኩት ጥቂት ልበል። ሁላችሁም ሎጌንን ከሃዲ ትሉታላችሁ። ከየት እንደመጣ ግን አትጠይቁም። ሎጌን የገበሬ ልጅ ነው፣ መስፍን ሆኖ አልተወለደም። ጎረቤቶቹ ኦርሌዎች የጌሙን አገር ፈረልደንን ወርረው ይዘው በነበረበት ዘመን ከሜሪክ ጋር ጫካ ገብቶ የታገለ፣ ሪቨር ዴን ላይ ድል ያደረገ፣ በጉልበቱ የከበረ ሰው ነው። አሁን እንግዲህ አስቡት፦ የሜሪክ ልጅ ኬይለን ነገሠ፣ ወርቃማ ጥሩር ለብሶ ጦርነቱን እንደ ተረት ያየዋል፣ የኦርሌን ዋርደኖች እንጠብቅ ይላል። ሪተርን ቱ ኦስታጋር የሚለውን ተጨማሪ ክፍል የተጫወተ ደግሞ የንጉሡን ሣጥን ከፍቶ ከኦርሌዋ ንግሥተ ነገሥት ከሰሊን ጋር የተጻጻፈውን ደብዳቤ ያገኛል። እኛ አገር ከ1928 እስከ 1933 ዱር ቤቴ ብሎ የከረመ አርበኛ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ንጉሡ ከሮም ጋር በፍቅር ቃል ሲጻጻፉ ቢያገኝ ምን ያደርግ ነበር? አምስት ዓመት የታገለው በላይ ዘለቀ እንኳ በ1937 በገዛ መንግሥቱ ተሰቅሎ ነው የሞተው። ሥልጣንና አርበኝነት ሲጋጩ ከሃዲው ማን እንደሆነ ቶሎ አይለይም። የሎጌን ታማኝነት ለአገር ነበር፣ ለንጉሥ አልነበረም።

ቤቲ ሃይፋ
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ በላይ ዘለቀ ኤልፎችን ለቴቪንተር ባሪያ ፈንጋይ አልሸጠም።

ኮረኮንች
😂😂😂 አበቃ

ቤቲ ሃይፋ
የምሬን ነው። ኦስታጋርን ተዉት፣ እሱ ላይ ልንከራከር እንችላለን፤ ጦሩ በጣም ብዙ ነበር፣ ንጉሡም የሬድክሊፍ ጦር በሳምንት ይደርሳል እየተባለ አልጠብቅም ብሏል፣ ቢገባ ሎጌንም አብሮ ያልቅ ነበር ይባል እሺ። ግን የሬድክሊፉን ጌታ አርል ኤመንን ጆዋን በሚባል ጠንቋይ እጅ መርዝ ያስጠጣው ማን ነው? ሃው የሚባለው አውሬ ጎረቤቱን አርዶ ሲመጣ ቀኝ እጅ ያደረገው ማን ነው? ለጦር ገንዘብ አነሰኝ ብሎ የዴኔሪምን ድሆች ከሰፈራቸው እየጫነ የሸጠውስ? አገሬን ላድን ያለ ሰው የአገሩን ሰው እየሸጠ ነው ያዳናት። ሰውዬው አንድ ቀን ከዳ፣ ከዚያ በኋላ ያደረገው ሁሉ ያችን አንዲት ቀን ትክክል ለማስመሰል ነው። ጌሙ ጎበዝ የሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የሚስቅ ክፉ ሰው አላመጣብንም፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው ያመጣብን። ዓይኑን እዩት እስቲ።

ጋሽ መኩሪያ
የኔ ልጅ፣ ስለ ኤልፎቹ ያልሽው እውነት ነው፣ እሱን አልከራከርም። ያልኩት ግን ሌላ ነው። ኦስታጋር ላይ ማፈግፈግ ሲታዘዝ የሎጌን መኮንን ካውትሪየን ንጉሡስ ብላ አመነታች፣ ከዚያ ታዘዘች። የሎጌን ወታደሮች ሁሉ ተከትለውት ዞሩ። እነዚያ ሁሉ ከሃዲ ናቸው? ወታደር የሚታዘዘው ለአዛዡ ነው ወይስ ለዘውዱ? ጥያቄው እሱ ነው።

ሊያ ሲልቨር ስፕሪንግ
ጋሼ፣ ጥያቄው የናቲ ታንክ ነው 😅 ግን ካውትሪየንን ማንሳትዎ ደስ አለኝ፤ ላንድስሚቱ (የመኳንንቱ ጉባኤ) በር ላይ ቆማ ስታገኙዋት አነጋግራችሁ ማሳመን እንደሚቻል ብዙ ሰው አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይገድላታል። እሷ በልቧ ከኦስታጋር ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ስትጨነቅ የከረመች ትመስለኛለች። ናቲ፣ አንድ ያልነገርከን ነገር አለ፦ ዙፋኑ ላይ ማንን አስቀመጥክ?

ናቲ ገርጂ (ጠያቂ)
አኖራን። ምን አገናኘው?

ሊያ ሲልቨር ስፕሪንግ
ይሄን ነበር መጀመሪያ መናገር!! አኖራ የሎጌን ልጅ ናት፣ የኬይለን ሚስት የነበረች። አሊስተር ደግሞ የሜሪክ ደም አለበት፣ ማለትም እሷ ላይ የሚነሳ ባላንጣ። አኖራ አሊስተር ይገደል ስትል ለመንክለት ወይስ ዝም አልክ?

ናቲ ገርጂ (ጠያቂ)
ለመንኩ ለመንኩ። ይሂድ ተባለ። እኔ እኮ ተናዶ ነው፣ ሲበርድለት ካምፕ ይመጣል ብዬ ነው።

ሊያ ሲልቨር ስፕሪንግ
እንግዲያው በሕይወት አለ፣ ግን ካምፕ አይመጣም። እዚህ ጌም አይመለስም። በ2011 የወጣውን ሁለተኛውን ስትጫወት ከርክዎል የምትባል ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ ሰክሮ ታገኘዋለህ። ሄጄ አይቼዋለሁ፣ እንዳትሄድ።

ሁለተኛ ሰፈር
ጌሙን አጥፍተህ እንደገና ጫን። ካልሆነ ላፕቶፑን አጥፍተህ አብራው።

ድምጥማጥ
ሁለተኛ ሰፈር፣ አንተ ያለህበት ቢሮ የአይቲ ክፍል ነህ እንዴ?

ናቲ ገርጂ (ጠያቂ)
ድምጥማጥ አንተ ሰው ተባረክ፣ ፎልደሩን አገኘሁት። ግን ከላንድስሚት በፊት ያለው የቅርብ ሴቭ ዴኔሪም የኤመን ቤት እያለሁ፣ አኖራን ለማስፈታት ከመሄዴ በፊት ነው። ሦስት ሰዓት ጨዋታ ልድገም? ከደገምኩስ ሁለቱንም ይዤ መቀጠል አልችልም? ሎጌንም ታንክ ነው፣ አሊስተርም ታንክ ነው፣ ሁለት ታንክ!

ቤቲ ሃይፋ
ሁለቱን አንድ ላይ ይዘህ መዝመት አይቻልም፣ እሱን እርሳው። ሎጌን ተርፎ አሊስተርም የሚነግሥበት መንገድ ግን አለ፤ ከላንድስሚት በፊት ከአኖራ ጋር እንዲጋቡ ካስማማሃቸው ነው። እሱ ታዲያ አሊስተር ጠንክሮ ከሆነ ብቻ ነው፣ ያን ጊዜም አብሮህ አይዘምትም። ዴኔሪም እህቱ ቤት ወስደኸዋል? ጎልዳና ስትሳደብና ገንዘብ ስትጠይቀው ምን አልከው?

ናቲ ገርጂ (ጠያቂ)
አይዞህ አልኩት። አንጀቴን በላኝ።

ቤቲ ሃይፋ
ጉዱ እሱ ነው! አይዞህ ባትለው ነበር የሚጠነክረው። ሰው ሁሉ ለራሱ ነው፣ ልመድ ልትለው ይገባ ነበር። ከዚያ ካምፕ ላይ ራሱ ያነሳዋል። ልስልስ እንዳለ የቀረው አሊስተር ንግሥናም አይፈልግም፣ ሎጌንን ይቅር ማለትም አይችልም። በአንተ ሴቭ የእህቱ ነገር አልፎ ስለሆነ ያ መንገድ ተዘግቷል።

ድምጥማጥ
እንዲያ ከሆነ ቀላል ነው። የኤመን ቤቱን ሴቭ ክፈት፣ ላንድስሚት ግባ፣ ከሎጌን ጋር ማን ይግጠም ሲባል አሊስተርን ላከው። ካሸነፈ ራሱ ይገድለዋል፣ አንተን ማንም አይጠይቅህም። ታንክህ ተረፈ። ተጠንቀቅ ግን፣ አኖራ ዙፋኑን እደግፍሻለሁ ካላልካት ስብሰባው ላይ ከአባቷ ጋር ቆማ ነው የምታገኛት። ያስፈታሃት አንተ መሆንህ ምንም አይገዛልህም። እኔን ብትጠይቁኝ ጌሙ ውስጥ ሥልጣን ምን እንደሆነ የገባት እሷ ብቻ ናት።

ኮረኮንች
ወይም ሎጌንን ይዘህ ቀጥል። ጋሻና ሰይፍ ስጠው፣ ታንክ ታንክ ነው። ድንጋዩዋ ሼል ካለችህ ደግሞ እሷም ትመክታለች፣ መድኃኒት አታባክን። እንዲያውም ሎጌን ቢኖር ጥሩ ነው፣ መጨረሻ ላይ አርችዲመኑን የሚገድለው ዋርደን ስለሚሞት እሱ ገብቶ

ሊያ ሲልቨር ስፕሪንግ
ኮረኮንች!!! ልጁ ገና አልጨረሰም!

ኮረኮንች
ውይ። 2009 የወጣ ጌም ነው ብዬ እኮ ነው። ናቲ አላነበብክም እሺ?

ጋሽ መኩሪያ
ኮረኮንች ከአፉ ቢያመልጠውም ነገሩ ለእኔ ክርክር ይጠቅማል። እኔ ሎጌንን ይዤ ነው የጨረስኩት። ጉዞ ላይ ሲያወሩት ራሱን አያጸድቅም፣ ይቅርታም አይለምንም። አሊስተር 100 ደርሶ የሄደበትን ሰው፣ ከዜሮ ጀምሬ ሳውቀው ሌላ ሰው ሆኖ ነው ያገኘሁት። ልጄ ግን ሁለት ቀን አኩርፋኛለች፣ አሊስተርን አባረርክ ብላ።

ቤቲ ሃይፋ
ልጅዎ ትክክል ናት 😂 አፕሩቫልዎ ስንት ደረሰ?

ጋሽ መኩሪያ
አይስክሬም ገዝቼ አሁን ወደ 40 ገደማ ነው።

ሊያ ሲልቨር ስፕሪንግ
ናቲ ምን ወሰንክ? ለማንኛውም ወደ ላንድስሚት ከመግባትህ በፊት አዲስ ሴቭ፣ በላዩ ላይ ሳይሆን ለብቻ። ሎጌንን መቀበሉ ካማረህም የአሊስተርን ጥሩርና ጋሻ ለጥንቃቄ አስወልቅና ይዘህ ግባ።

ድምጥማጥ
ጠፋ። ባትሪው አለቀ መሰለኝ።

ኮረኮንች
ወይም እኔ የጻፍኩትን አነበበ።

ማኔ ዱባይ
ይሄ ነገር ከተጻፈ ሦስት ሳምንት አልፎታል ግን ልጠይቅ። ናቲ፣ የትኛውን መረጥክ? እኔም እዚያው ላይ ቆሜያለሁ። ሎጌን ተንበርክኳል፣ አሊስተር አጠገቤ ቆሞ ያየኛል፣ ጌሙን አቁሜ ወደ ሥራ ፈረቃዬ ልሄድ ነው። የእኔው አሊስተር ጠንክሯል፣ ግን ከአኖራ ጋር እንዲጋቡ አላስማማኋቸውም። አሁን ረፍዷል?

ሁለተኛ ሰፈር
አጥፍተህ አብራው።