ላሊበላ የታነጸው የኢየሩሳሌም መንገድ ስለ ተዘጋ ነውን?

ጠያቂ፦ ስለ ላሊበላ በተጻፉ ብዙ የጉዞ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው ትረካ ተመሳሳይ ነው። የሙስሊሞቹ ሱልጣን ሳላሕ አድ-ዲን በ1187 (እ.ኤ.አ.) ኢየሩሳሌምን በያዘ ጊዜ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው ንጉሥ ላሊበላ በሮሃ፣ ማለትም በዛሬዋ ላሊበላ፣ ሁለተኛይቱን ኢየሩሳሌም አነጸ ይላል። ይህ በማስረጃ ይጸናልን?

የታሪክ መምህር፦ በእኔ እምነት አይጸናም። ሳላሕ አድ-ዲን ከከተማይቱ ያስወጣው ላቲኖቹን፣ ማለትም የምዕራብ አውሮፓ ክርስቲያኖችን ነው፤ የምሥራቅ ክርስቲያኖች እንዲኖሩ ፈቅዶላቸዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1290 አካባቢ፣ ዓፄ ይግባ ጽዮን በኢየሩሳሌም ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ደብዳቤና ስጦታ ልከዋል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በግብፅ በኩል ወጥተው ቅድስት አገርን ተሳልመው በ1352 በአርመን አርፈዋል። በ1441ም ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በጣሊያን በተደረገው የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ፣ በፍሎረንስ ጉባኤ ፊት ቀርበዋል። መንገዱ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች በየት በኩል አለፉ?

የላስታ ተወላጅ፦ መምህር፣ ስለ መንገዱ የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ ስለ ሕንጻው ግን ሌላ ነገር ማየት ያስፈልጋል። አብያተ ክርስቲያናቱን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ቤተ ጎልጎታ አለ፤ የአዳም መቃብር አለ፤ ደብረ ዘይትም አለ። ገና ሲደርስ ነጭ ለብሶ ቀናትን በእግሩ ተጉዞ የሚመጣው ገበሬ፣ በቤተ ማርያም ቅጥር ላይ ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ሲሰማ፣ የሚያየው ድንጋይ ብቻ አይደለም። እነዚህ ስሞች ያለ ዓላማ አልተሰጡም።

የቅርስ ጥናት ተማሪ፦ ዓላማ መኖሩን አልክድም፤ ሆኖም የአንድ ንጉሥ፣ የአንድ ዘመን ዓላማ ነው ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አርኪዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን እንደሚሉት ሥራው ለረጅም ዘመናት በየደረጃው የተከናወነ ነው፤ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልም መጀመሪያ የተፈለፈሉት ለቤተ ክርስቲያንነት አይመስልም። ስለ ግንባታው የምንጠቅሰው ገድለ ላሊበላም የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ በ1187 የሆነውን እንደ ብቸኛ ምክንያት ማቅረብ የበርካታ ትውልዶችን ድካም ወደ አንድ ዓመት ማጥበብ ይሆናል፤ ይህም ጠራቢዎቹን ይበድላል።

የታሪክ መምህር፦ በዚህ ላይ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። «መንገዱ አልተዘጋም» ማለቴ መንገዱ ቀላል ነበር ማለት አይደለም። በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከድባርዋ ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ የነበሩ ከሦስት መቶ የሚበልጡ መነኮሳት በቀይ ባሕር ወደብ በሱዋኪን አቅራቢያ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው፣ አረጋውያኑ እንደ ተገደሉና ወጣቶቹ ለባርነት እንደ ተሸጡ ጽፏል። ይህን ሁሉ እያወቁ ከዚያም በኋላ የሄዱ ነበሩ። ላሊበላ የኢየሩሳሌምን ናፍቆት ቢያስታግስ ኖሮ ይህ መሥዋዕት ለምን አስፈለገ? ለዚህ ነው ላሊበላ የኢየሩሳሌም «ምትክ» ናት የሚለውን ቃል የምቃወመው።

የላስታ ተወላጅ፦ ቃሉን እኔም አልወደውም፤ በእኛ ዘንድ የሚባለው «ዳግማዊት ኢየሩሳሌም» ነው፤ ዳግማዊት ሲባል ፊተኛይቱ ቀርታለች ማለት አይደለም። መነኩሴው በረሃውን አቋርጦ ሲሄድ፣ ልጆቿንና ማሳዋን ጥላ መሄድ የማትችል እናት ደግሞ ዮርዳኖስን ላስታ ላይ ትሻገራለች። እኔ የምጠይቀው የጉዞ መጻሕፍቱ ሳላሕ አድ-ዲንን ከማንሳታቸው በፊት ስለ እርሷ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ነው።